የላንፋንግ ማኅበር በቦርኔዮ፦ ሪፐብሊክ ነበር ወይስ የወርቅ አጣቢዎች ሽርክና?

ጥያቄው፦ «ቻይናውያን ወርቅ ቆፋሪዎች በምዕራብ ቦርኔዮ በ1777 ያቋቋሟት ላንፋንግ የእስያ የመጀመሪያዋ ሪፐብሊክ ናት ሲባል ደጋግሜ አነባለሁ። እውነት ነው? ቆፋሪዎች እንዴት መንግሥት ሊያቆሙ ቻሉ? ከመቶ ዓመት በላይ ኖራ ለምን ጠፋች?»

ምላሽ፦

ላንፋንግ አለቆቹን ራሱ የሾመ፣ ፍርድ የሰጠ፣ ግብር የሰበሰበና ጦር ያዘመተ ማኅበር ነበር። ይህን ማንም አይክደውም። «ሪፐብሊክ» የሚለውን ስም ግን የሰጡት ሌሎች ናቸው። «የመጀመሪያዋ» የሚለው ደግሞ በዚያው በቦርኔዮ ምድር ላይ ይፈርሳል፤ ምክንያቱም ከላንፋንግ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1776፣ በስተሰሜን በምትገኘው ሞንትራዶ 14 የማዕድን ማኅበራት ሄሹን በሚባል የጋራ ሸንጎ ሥር ተጠቃለው ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቆፋሪዎች እንዴት እንዲህ ያለ አስተዳደር ሊያቆሙ ቻሉ ለሚለው፣ ወርቁ እንዴት ይወጣ እንደነበር ሳይታወቅ መልስ መስጠት አይቻልም። ስለዚህ ከሥራው ልጀምር።

የምዕራብ ቦርኔዮ ወርቅ ደለል ወርቅ ነው። ከኮረብታው ዐለት ተሸርሽሮ ወርዶ በሸለቆው ግርጌ፣ ከሸክላ አፈር በታች ባለ የጠጠርና የአሸዋ ንብርብር ውስጥ በብናኝ መልክ ተበትኖ ይገኛል። ማላዮችና የደሴቲቱ ነባር ነዋሪዎች የሆኑት ዳያኮች ቻይናውያኑ ከመምጣታቸው በፊትም የወንዝ ዳር አሸዋ በገበቴ እያጠቡ ያወጡት ነበር። በገበቴ ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ወርቅ የበዛበት አሸዋ ካላገኘ ድካሙን የሚከፍለው የለም፤ በአንድ ጊዜ የሚያጥበው እፍኝ አፈር ነውና። የሳምባስ ሱልጣንና የመምፓዋ ገዥ በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከቻይና ቆፋሪዎችን ያስመጡት ለዚህ ነው። የመጡት በብዛት ከደቡብ ቻይናው የጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ተራራማ አውራጃዎች የሄዱ፣ ሃካ የሚባለውን ቋንቋ የሚናገሩ ሃካዎች ነበሩ። ወርቁን እንዲያወጡ፣ ለገዥዎቹ በየዓመቱ የወርቅ ግብር እንዲከፍሉ፣ ሩዝና ጨው፣ ብረትና ኦፒየም ደግሞ ገዥዎቹ በሚወስኑት ዋጋ ከእነሱ ብቻ እንዲገዙ ነበር የታሰበው።

ሃካዎቹ ይዘውት የመጡት ትልቁ ነገር የውኃ ሥራ ዕውቀት ነው። አዲስ ቦታ ሲያገኙ በመጀመሪያ በሸለቆው ውስጥ እዚህም እዚያም ትናንሽ የሙከራ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ የወጣውን ጠጠር በገበቴ አጥበው ወርቁ የሚገኝበትን ጥልቀትና መጠን ያያሉ። ጥሩ ከሆነ ከማዕድኑ ቦታ ከፍ ብሎ ሸለቆውን በአፈርና በግንድ ገድበው የዝናብ ውኃ ያጠራቅማሉ፤ በግድቡም ላይ የሳንቃ መዝጊያ ያበጃሉ። ከግድቡ እስከ ማዕድኑ በኮረብታው ወገብ ቦይ ይመጣል። በማዕድኑ ውስጥ የሚያልፈው የቦዩ ክፍል፣ ወርቁ ወደ መሬት ሰርጎ እንዳይቀር ወለሉና ጎኑ በሳንቃ ይለበጣል። የላይኛው ወርቅ አልባ አፈር በቅርጫትና በትከሻ መሸከሚያ ይወጣል ወይም በውኃው ይጠረጋል። ከዚያ ወርቅ ያለበትን ጠጠር በቦዩ ግራና ቀኝ የቆሙ ሰዎች እየቆፈሩ ወደ ቦዩ ይጥላሉ፤ መዝጊያው ተከፍቶ ውኃው ይለቀቃል። ጭቃውና ቀላሉ አሸዋ ይሄዳል፣ ትላልቁ ድንጋይ በእጅ ይለቀማል፤ ከተራ አሸዋ ሰባት እጥፍ ያህል የሚከብደው ወርቅ ወለሉ ላይ ይቀራል። ይህ ለሳምንታት፣ ለወራትም ይደጋገማል። በመጨረሻ ውኃው ይቀነስና ከወለሉ የቀረው ጥቁር አሸዋ በገበቴ ይታጠባል። ያን ጊዜ ቦዩ ቀንም ሌሊትም ጠባቂ አይለየውም፤ የብዙ ወር ድካም እዚያ ወለል ላይ ነው ያለው።

በማላይኛ ቦይ «ፓሪት» ይባላል። በዚያ አገር ማዕድኑ ራሱ «ፓሪት» ተብሎ ቀርቷል። ሥራው ሁሉ ቦይ ነበርና ትክክለኛ ስም ነው።

የሚበላሸው ነገር ብዙ ነው። ቦዩ ቁልቁለት ከበዛበት ውኃው ደቃቁን ወርቅ ከጭቃው ጋር ይዞት ይሄዳል፤ ቁልቁለት ካነሰው ደግሞ አሸዋው ይደፍነዋል። በአካባቢው በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ ግን እኩል አይጥልም። ሲያይል ግድቡን ይንደዋል፣ ሳንቃውንም ጠርጎ ይወስደዋል። ሲጠፋ ግድቡ ይደርቃል፤ ሰዎቹ ቁጭ ብለው ሩዝ እየበሉ ዕዳ ይቆጥራሉ። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ ከሥሩ ውኃ ይመነጫል። ይህን የሚያወጡት በሰንሰለት ፓምፕ ነው፤ በረጅም የእንጨት ገንዳ ውስጥ ተያይዘው የሚዞሩ ሳንቃዎች ውኃውን እየገፉ ወደ ላይ ያደርሱታል፣ የሚያዞራቸውም ራሱ ውኃ የሚገፋው መንኮራኩር ነው። በሩዝ ማሳ የለመዱትን መሣሪያ ነው ወደ ማዕድን ያመጡት። ከሁሉ የከፋው ግን ከጎረቤት ጋር የሚነሳው ጠብ ነው። ከላይ ያለው ማኅበር ውኃውን ከያዘው ከታች ያለው ይቆማል፤ ከላይ የሚታጠበው ደለል ከታች ያለውን ጉድጓድ ይሞላዋል። የማኅበራቱ ጦርነቶች አብዛኞቹ ከዚህ፣ ማለትም ከውኃና ወርቁ ካላለቀበት አዲስ መሬት የተነሱ ናቸው።

እንግዲህ ግድቡን አንድ ሰው አይሠራውም። አንድ ትልቅ ማዕድን ከመቶ ሰው በላይ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ወርቅ እስኪታጠብ ድረስም እነዚህ ሰዎች ለወራት መብላት አለባቸው። ሩዙን፣ ጨውን፣ ዘይቱንና ብረቱን የሚያበድር ሰው ያስፈልጋል፤ ሒሳብ የሚይዝ ጸሐፊ ያስፈልጋል፤ ውኃውን የሚቆጣጠር አለቃ ያስፈልጋል። ከዚህ የተወለደው ሽርክና «ኮንግሲ» ይባላል። ቃሉ «የጋራን ነገር ማስተዳደር» ማለት ሲሆን፣ በዛሬው ቻይንኛ በአጭሩ «ኩባንያ» ማለት ሆኗል። ገንዘብ ያወጣም ጉልበቱን ያዋለም ድርሻ አለው። ወርቁ ታጥቦ ሲመዘን መጀመሪያ ዕዳውና ወጪው ይነሳል፣ የቀረው በየድርሻው ይከፈላል። ገና ከመርከብ የወረደው፣ «ሲንኬህ» ወይም አዲስ እንግዳ የሚባለው፣ የመሳፈሪያ ዕዳውን እስኪጨርስ ድረስ ለተወሰነ ጊዜ በደመወዝ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ድርሻ ሊገባ ይችላል። የጉድጓዱን አለቃና ጸሐፊ የሚመርጡት ባለድርሻዎቹ ናቸው፤ ሒሳብ አሳምሮ ያልያዘውን አንስተው ሌላ ይተካሉ። አባላቱ በአንድ አምላክ ፊት የማሉ ወንድማማቾች ነበሩ፤ በአዳራሹ የጦርና የታማኝነት አምላክ የሚባለው የጓንዲ ምስል ይቆማል፣ ዕጣን ይጨስለታል፣ ድግሱም የጋራ ነው። የጽዋ ማኅበርን የሚያውቅ አንባቢ መንፈሱ አይጠፋውም፤ ልዩነቱ ይህኛው ማኅበር ግድብም መድፍም የነበረው መሆኑ ነው።

ስለ ምርጫው ሲጠየቅ መልሱ ይኸው ነው። የአውሮፓ ፈላስፎችን ሐሳብ አንብበው ያመጡት ነገር አይደለም። ከጉድጓዱ ሒሳብ የወጣ ነው፤ ወርቄን የሚመዝንልኝን ሰው እኔ ልምረጥ የሚል የባለድርሻ ጥያቄ።

አሁን ወደ ላንፋንግ እንሂድ። መሥራቹ ሉዎ ፋንግቦ በ1738 በጓንግዶንግ ሜይሺያን፣ በዚያ ዘመን ጂያይንግ በሚባለው አውራጃ፣ የተወለደ ሃካ ነው። በ1772 ከመቶ ያህል ዘመዶቹና ተከታዮቹ ጋር ወደ ቦርኔዮ ተሻገረ። ጶንቲያናክ የተመሠረተችው ከዚያ አንድ ዓመት ብቻ ቀደም ብሎ፣ በ1771፣ በሸሪፍ አብዱራህማን እጅ ነው፤ ሉዎም መጀመሪያ የገባው ወደዚያው አካባቢ ነበር። የማኅበሩ ዜና መዋዕል እንደሚለው በማንዶርና በአካባቢው የነበሩትን ከሌሎች የቻይና ወረዳዎች የመጡ ቆፋሪዎች አንዳንዶቹን በስምምነት፣ አንዳንዶቹን በጦር ጠቀለላቸው። በ1777 ላንፋንግ ቆመ፤ ማዕከሉም ማንዶር ሆነ። ሉዎ «ታይኮ» ማለትም ታላቅ ወንድም ተብሎ እስከ ሞተበት እስከ 1795 ድረስ፣ 18 ዓመት መራ። ስሙ ላይ ያለው «ቦ» የአክብሮት ቃል ነው፣ እኛ «ጋሼ» እንደምንለው ዓይነት። ከእሱ በኋላ የመጡት ጂያንግ ዉቦ፣ ቹዌ ሲቦና ሶንግ ቻቦም ይህንኑ ቅጽል ይዘው እናያቸዋለን።

አስተዳደሩ የጉድጓዱን ሥርዓት ወደ አገር ያሰፋ ነው። በማንዶር ዋናው አዳራሽ አለ፤ ወረዳዎቹ የራሳቸው ንዑስ አዳራሽ አላቸው፤ በየመንደሩና በየማዕድኑ ደግሞ ኑሯቸውን በራሳቸው ሥራ የሚያኖሩ፣ ሹመቱን በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ሽማግሌዎች አሉ። ትንሹ ክርክር እዚያው መንደር ያልቃል፤ ከባዱ ወንጀል ወደ ማንዶር ይወጣል። ቅጣቱ ከገንዘብና ከአርጩሜ ጀምሮ እስከ ሞት ይደርሳል። አንድ ደንብ በተለይ ልብ ሊባል ይገባል፦ ዋናው አለቃ ከሉዎ ትውልድ አውራጃ ከጂያይንግ፣ ምክትሉ ከዳቡ ወረዳ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ምርጫው ለሁሉም እኩል ክፍት አልነበረም። የዘመንም ገደብ አልነበረውም። ሉዎ እስኪሞት ነው የመራው፤ ጂያንግ ዉቦ ከ1795 እስከ 1799፣ ወደ ቻይና ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ከ1803 እስከ 1811 ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። የፕሬዚዳንት ምርጫና የምርጫ ዘመን እያሉ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ዝርዝር ቢያዩት ይጠቅማቸው ነበር። ሴቶች፣ ባለዕዳ አዲስ እንግዶችና በማኅበሩ መሬት ዙሪያ የሚኖሩት ዳያኮች በዚህ ሸንጎ ድምፅ አልነበራቸውም።

ከዳያኮች ጋር የነበረው ግንኙነት ግን በአንድ ቃል የሚነገር አይደለም። ከቻይና የሚመጡ ሴቶች እጅግ ጥቂት ስለነበሩ ቆፋሪዎቹ ዳያክ ሴቶችን አገቡ፤ ልጆቻቸው ሃካ እየተናገሩ አደጉ። ሩዝ፣ እንጨትና ጉልበትም ከዳያኮች ይገኝ ነበር። በሌላ በኩል ቻይናውያኑ የሚቆፍሩትና የሚያርሱት የዳያኮችን መሬት ነበርና ጦርነትም ነበር። ከመምፓዋ ገዥ ጋር የተደረገው ጦርነት ሲያበቃ ድንበሩ ላይ ቀርከሃ ተተከለ ይላል ዜና መዋዕሉ። ማኅበሩ የራሱን ሩዝ ማምረት፣ ጨውና ባሩድ በራሱ መንገድ ማስገባት ሲጀምር ደግሞ የሱልጣኖቹ የንግድ ብቸኝነት ተሰበረ። ሱልጣኖቹ ግብር ማግኘታቸው አልቀረም፤ ማዘዛቸው ግን ቀረ።

«ሪፐብሊክ» የሚለው ስም ከየት መጣ? ማኅበሩን በቅርብ ያየው ሆላንዳዊው የቻይና ጥናት ሊቅ ዴ ግሮት ከ1880 እስከ 1883 በጶንቲያናክ የመንግሥት አስተርጓሚ ሆኖ ሠርቷል። ዜና መዋዕሉንም ያገኘው ከመጨረሻው አለቃ ቤተሰብ ነው። በ1885 ባሳተመው ጥናት ኮንግሲዎቹን ከቻይና የመንደር ራስ አስተዳደር የወጡ ናቸው ብሎ ተከራክሯል፤ የሪፐብሊክነት ባሕርያቸውንም አንስቷል። ይህን የጻፈው የአገሩ ባለሥልጣናት ቻይናውያኑን እንደ ምሥጢራዊ የሽፍታ ማኅበር ያዩ በነበረበት ጊዜ ነውና ለእነሱ ጥብቅና መቆሙ ነበር። በ20ኛው መቶ ዘመን የሃካዎች ታሪክ አጥኚው ሉዎ ሺያንግሊን ነገሩን ወደፊት ገፍቶ ላንፋንግን ከአሜሪካ ጋር አነጻጸረና ሙሉ ሪፐብሊክ አደረገው። ዛሬ የሚሰራጨው በብዛት የእሱ አገላለጽ ነው። በእኔ ፍርድ የዴ ግሮት ይሻላል። ራሳቸው አባላቱ ኮንግሲ ነው የሚሉት፣ አለቃቸውንም ታላቅ ወንድም። ስማቸውን መተዉ ክብር አይጨምርላቸውም፤ የሠሩትን ነገር ልዩ የሚያደርገው ከማንም ሳይቀዱ ከሽርክና ሒሳብ አገር ማስተዳደር መድረሳቸው ነው።

ለምን ጠፋ? መጀመሪያ ወርቁ አለቀ። ከ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ ሩብ ጀምሮ በቦይ የሚታጠበው ቀላሉ ወርቅ እየሳሳ ሄደ። ትላልቁ ማዕድን ወደ ትናንሽ ጉድጓዶች ተከፋፈለ፤ ብዙ ሰው ወደ እርሻና ወደ ንግድ ዞረ። ድርሻ የማይከፈልበት ሽርክና ደግሞ አባላቱን ይዞ መቆየት ይቸግረዋል። በሞንትራዶም 14ቱ ማኅበራት እርስ በርስ ተዋጥተው ዳጋንግ የሚባለው ብቻ ኃያል ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት ሆላንድ ናት። በ1818 ወደ ጶንቲያናክ ተመልሳ ከሱልጣኖቹ ጋር ተዋዋለች፤ በ1820ዎቹ መጀመሪያ ላንፋንግ የበላይነቷን ተቀበለ። በ1825 የጃቫ ጦርነት ሲፈነዳ ግን ወታደሮቿ ወደዚያ ተሳቡና ማኅበራቱ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በራሳቸው ኖሩ። በ1841 እንግሊዛዊው ጄምስ ብሩክ በጎረቤት ሳራዋክ ራጃ ሲሆን ሆላንድ ደነገጠች። ከ1850 እስከ 1854 በተደረገው ጦርነት የዳጋንግ ማኅበር ተሰበረ፣ ሞንትራዶም ተያዘች። በዚህ ጦርነት ሳንቲያዎጎው የተባለው ተቀናቃኝ ማኅበር ከሆላንድ ጎን ነበር፤ በዳጋንግ ሲሸነፍ ብዙ ሰዎቹ ወደ ሳራዋክ ሸሹ። በዚያም በባው የነበሩት ወርቅ ቆፋሪዎች በየካቲት 1857 በብሩክ ላይ ተነስተው ኩቺንግን አቃጠሉ፤ ብሩክ ወንዝ ተሻግሮ አመለጠ፣ የበቀሉ እርድ ግን ከባድ ነበር።

ላንፋንግ የተረፈው አለቃው ሊዩ አሸንግ ከሆላንድ ጋር ስለቆመ ነው። በ1848 የተሾመው ይህ ሰው ማኅበሩን ከ30 ዓመት በላይ አቆይቶታል፤ ያቆየበት መንገድ ግን ውስጡን ቦረቦረው። አለቃው አሁን የሆላንድ ሹም ነው፣ ግብር ይሰበስብላታል፣ ሥልጣኑም ከጶንቲያናክ ይመጣል። ባለድርሻዎቹ ሊያነሱት አይችሉም። ሆላንዳውያኑም ማኅበሩ በእሱ ሕይወት ብቻ እንዲቆይ ነበር ሐሳባቸው። ሊዩ በ1884 ሲሞት ማንዶርን ሊይዙ ገቡ። ሕዝቡ ተነሳ፣ በቦታው የነበረ ሆላንዳዊ ሹም ተገደለ፣ ከጃቫ ወታደር መጣ፤ በቀጣዩ ዓመት አመጹ ታፈነ። 107 ዓመት የሚባለው ከ1777 እስከ 1884 ያለው ነው።

ከዚህ ጋር የሚዛመት አንድ ወሬ አለ፦ ሆላንድ የቻይናን ንጉሠ ነገሥት ፈርታ ላንፋንግን መያዟን እስከ 1912 ደበቀች የሚል። አይመስልም። ማኅበሩ ከመያዙ ከ60 ዓመት በፊት የሆላንድን የበላይነት ተቀብሏል፤ የመጨረሻው አለቃም በሆላንድ ሹመት የተቀመጠ ነው፤ የ1884ቱን አመጽና ዘመቻም ዴ ግሮት በዓመቱ በአደባባይ ጽፎበታል። ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ መንግሥትም ያለፈቃድ አገር ለቅቆ የሚሄድን ሰው ለረጅም ዘመን እንደ ከዳተኛ ነበር የሚያየው፤ የወጡ ሰዎች በነፃነት እንዳይመለሱ የሚከለክለው ሕግ የተሻረው በ1893 ነው። ለቦርኔዮ ቆፋሪዎች ጦር ይልካል ብሎ የሚፈራ አልነበረም።

ከሽንፈቱ በኋላ አንዳንዶቹ ወደ ሱማትራና ወደ ማላያ ተሻገሩ፤ ብዙዎቹ ግን እዚያው ገበሬና ነጋዴ ሆነው ቀሩ። በ1967 በምዕራብ ካሊማንታን (ምዕራብ ቦርኔዮ በኢንዶኔዥያ የሚጠራበት ስም ነው) ገጠር በተነሳው ጥቃት ቻይናውያኑ ከመንደራቸው ተፈናቅለው ወደ ሲንካዋንግና ጶንቲያናክ ተሰደዱ። ዛሬ ሃካ በገበያ የሚሰማው በዋናነት በሲንካዋንግ ነው። ማንዶር በላንዳክ ወረዳ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሉዎ ፋንግቦ መቃብር አለ፣ አዳራሹ ግን የለም። በአካባቢው ያለው የተፈጥሮ ጥብቅ ደን ደግሞ በሕገወጥ ወርቅ ቆፋሪዎች ተጎድቷል፤ በሞተር ፓምፕ ውኃ እየረጩ አፈሩን ሲንዱ ዛፉ ይወድቃል፣ ምንም የማይበቅልበት ነጭ አሸዋና የደፈረሰ ኩሬ ይቀራል።